ማኅተሙ የማን ነው?

ስለ ኅትመት ጥበብ፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ማንነት አጭር የታሪክ ጽሑፍ



የዚህ እትም ጽሑፋችን የተነሣው ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ማታ ማታ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ወደ አንድ ቢሮ ሄዳ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፣ ውጤቷ አለ፣ የመምህሯ ፊርማም አለ። «ማኅተም የለውም» ተብላ ተመለሰች። ማታ ክፍል ስትገባ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ቲቸር፣ ይቺ ክብ ነገር ከኔ ትበልጣለች ማለት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ ሳስበው ጥያቄዋ ትልቅ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። በቋንቋችን «ማኅተም» እና «ኅትመት» የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ኀተመ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ይወጣሉ። የአሠራር መንገዳቸውም አንድ ነው። አንድ ነገር ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ላይ ይጫናል፣ እንደገናም ይጫናል። ማኅተም ግን የባለሥልጣን ነው፤ ያጸድቃል ወይም ይከለክላል። ኅትመት ደግሞ መቅረጽ የቻለ ሰው ሁሉ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይሄንኑ ነው፦ ገዢዎች «አገር ማለት ይሄ ነው» እያሉ ባተሙበት ጥበብ፣ ሌሎች ሰዎች «እኛስ?» ብለው እንዴት እንደጠየቁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ፖስታ፣ ሁለት ቴምብር

እስቲ ካለንበት እንጀምር። የጅቡቲ የመጀመሪያዎቹ የራሷ ሥዕል ያለባቸው ቴምብሮች የወጡት በ1894 ነው። ላያቸው ላይ በፈረንሳይኛ የሶማሌ ጠረፍ ጥበቃ ግዛት የሚል ተጽፏል። አንዱ ቴምብር ከተማዋን ያሳያል፤ ሌላው ጦርና ጋሻ የያዙ የሶማሌ ተዋጊዎችን። በጣም የሚገርመው ዳር ዳራቸው ነው። እንደ ማንኛውም ቴምብር ጥርስ ያላቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጥርሱ የታተመ ሥዕል ነው እንጂ እውነተኛ ቀዳዳ አይደለም። ቴምብሩን ለመለየት በመቀስ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። ለኔ ይሄ ጥርስ ብዙ ይናገራል። ቅኝ ገዢው ገና ያልተሟላውን ነገር የተሟላ አስመስሎ አተመው። ተዋጊዎቹም ቢሆኑ የታተሙት አገራቸውን እንዲወክሉ ሳይሆን ለአውሮፓ ገበያ የሩቅ አገር ጌጥ እንዲሆኑ ይመስለኛል።

በዚያው በ1894 የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮችም ወጡ። ፓሪስ ውስጥ የቀረጻቸው ኤዤን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። በዝቅተኛ ዋጋዎቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት አለ፤ ከፍ ባሉት ላይ የይሁዳ አንበሳ። የዓድዋ ጦርነት ሊደረግ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ያቺ ጥፍር የምታህል ወረቀት ለውጭው ዓለም «እኛም መንግሥት ነን» እያለች ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ዘመን ብዙ የአፍሪካ ሕዝብ በራሱ ስም ቴምብር የማተም ዕድል አላገኘም። ለአገሬው ደግሞ ሌላ ነገር ትላለች፦ አገር ማለት ይሄ ፊትና ይሄ አንበሳ ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ አርብቶ አደሩ በቴምብሩ ላይ የሉም።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባሕር አያሻግርም ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። በአንድ ፖስታ ላይ ሁለት ቴምብር፣ ሁለት ማኅተም። የንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንኳ ባሕሩን ለመሻገር የሌላ ሰው ማኅተም ያስፈልገው ነበር። ለተማሪዬ ይሄን ስነግራት «አይ፣ እንግዲያው ብቻዬን አይደለሁም» ብላ ሳቀች።

የጅቡቲ ቴምብር ታሪክ በዚህ አያበቃም። ከ1902 ጀምሮ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ የሚል ስም መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግዛቷ በ1942 መጨረሻ ወደ ጄኔራል ደ ጎል ወገን ስትዞር፣ በነበሩት ቴምብሮች ላይ «ነጻ ፈረንሳይ» የሚል ጽሑፍ በላይ ታተመባቸው። በ1967 የግዛቲቱ ስም ተቀየረ፤ የፈረንሳይ የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት ተባለች። ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻነት ሲታወጅ ደግሞ አሮጌዎቹ ቴምብሮች አልተጣሉም፤ የድሮው ስም ተሰርዞ «የጅቡቲ ሪፐብሊክ» ታተመባቸው። አንዱን ቴምብር ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ብታዩት ሁለቱም ስም ይነበባል።

ከተማዋ ራሷ እንደዚያ ናት። ነጋዴዎች እስካሁን «ፕላስ ሜኒሊክ» የሚሉት አደባባይ የዛሬ ስሙ የሰኔ 27 አደባባይ ነው። በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ይጠራ የነበረው አደባባይም ለነጻነት በታገለው በማሕሙድ ሐርቢ ስም ተሰይሟል። ሰሌዳው ተቀይሯል፤ የድሮው ስም ግን ከሰው አፍ አልጠፋም።

ብሩ ላይ ያለው ሰው

ከቴምብር የበለጠ ሁሉም ሰው እጅ የሚገባ ኅትመት ገንዘብ ነው። ከ1945 ጀምሮ በወጡት የኢትዮጵያ የብር ኖቶች ላይ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ነው። በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ ንጉሡ ወረዱ። በ1976 ደርግ ኖቶቹን በሙሉ ቀየረ። በአንድ ብሩ ላይ ስሙ የማይታወቅ ልጅ፣ በአምስቱ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው፣ በአሥሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ታተሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለውጡ እውነተኛ ነበር። ቡና ለቃሚው ብር ላይ ወጣ ማለት «አገር ማለት እኔም ነኝ» የሚል ነገር አለው። ብዙዎቻችን ያደግነው ያንን ልጅ እያየን ነው፤ ሳንቲም ስንቆጥር የምናውቀው ፊት እሱ ነበር። ነገር ግን ለቃሚው ራሱን አልቀረጸም። ማን ይታተም፣ ማን ይቅር የሚለውን የወሰነው አሁንም ከላይ ያለው ነው። የንጉሡ ፊት ከብሩ ላይ በወረደ ማግሥት፣ በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ትልልቅ ምስሎች ቆሙ። ፊቱ ተለወጠ እንጂ ማተሚያው የመንግሥት እንደሆነ ቀረ።

ሌላው ማተሚያ ግን ጓዳ ውስጥ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በስቴንስልና በማባዣ መሣሪያ ጽሑፎቻቸውን እያባዙ ያሠራጩ ነበር። በኅዳር 1969 ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎች መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያዊነት የሚባለው ማንነት በእርግጥ የሁሉንም ሕዝብ መልክ ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምናልባት እናንተም ክፍል ውስጥ ተከራክራችሁበት ይሆናል። እኔ ማለት የምፈልገው ግን ይሄ ሁሉ ክርክር የተሠራጨው በርካሽ ወረቀት ላይ በተባዛ ጽሑፍ መሆኑን ነው። በ1977 በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ ከጠመንጃ ጋር አብረው ይፈለጉ የነበሩት የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ናቸው። ሥልጣን የሚፈራውን ነገር ማወቅ ከፈለጋችሁ የሚፈትሸውን ዕቃ እዩ።

እንጨት የሚቀርጽ እጅ

አሁን ወደ ሠዓሊዎቹ እንምጣ። በአዲስ አበባ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ነው። ከ1963 እስከ 1966 በዚያ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ያስተማረው ሐንሰን ባሂያ ይባላል። ሐምቡርግ ተወልዶ ብራዚል የኖረ ሰው ነው፤ «ባሂያ» የሚለውን ስም የወሰደው ከኖረበት የብራዚል ግዛት ነው።

የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አሠራሩ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ እንጨት ይወሰዳል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ቦታ በመቅረጫ ይቦረቦራል፤ ጥቁር የሚሆነው እንዳለ ይተዋል። ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጣልበታል፣ ይጫናል። ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፤ በማንኪያ ጀርባ እያሹ ማተም ይቻላል። ድህነት የማያግደው ጥበብ ነው።

በጀርመን አገር ይሄ ጥበብ የተቃውሞ ታሪክ አለው። ኬቴ ኮልቪትዝ የምትባለው ሠዓሊ በ1914 በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ልጇ ሞተባት። ከዚያ በ1921 እና በ1922 «ጦርነት» የሚል ሰባት የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ሠራች። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ጄኔራል የለም፣ ባንዲራ የለም። ልጆቻቸውን አቅፈው ክብ ሠርተው የቆሙ እናቶች አሉ። መንግሥት «ለአገር መሞት» እያለ ባተመበት ዘመን እሷ የቀረውን ሰው አተመች። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንድትለቅ አስገደዷት።

በአዲስ አበባ የእንጨት ቅርጽን ከሐንሰን ባሂያ ከተማሩት መካከል ዘሪሁን የትምጌታ አንዱ ናቸው። በ1941 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በኋላም በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1992 በዳካር የሥነ ጥበብ ቢዬናሌ ተሸላሚ ሆነዋል። ከእንጨት ኅትመት ተነሥተው የራሳቸውን መንገድ አገኙ። ብዙ የሚታወቁት ከሸማኔ ዕቃ በተወሰደ የቀርከሃ ስንጥር ላይ በሠሯቸው ሥራዎች ነው። በዚያ ላይ የክታብ ዓይኖች፣ የቤተ ክርስቲያን ምልክቶችና ከሌላው አፍሪካ የመጡ ጭምብሎች ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ለምን ይሄን እንደማነሣ ታውቃላችሁ? የሸማኔና የቀጥቃጭ ሥራ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲናቅ ኖሯል። ሁሉም ሰው ሸማ እየለበሰ ሸማኔውን ይሰድብ ነበር። ታዲያ አንድ ሠዓሊ ያንኑ ዕቃ አንሥቶ የአገር ምልክቶችን በላዩ ሲያሰፍር፣ አንድ ነገር እየተናገረ ይመስለኛል። ዘውዱንና አንበሳውን በቤተ መንግሥት ሳይሆን በሸማኔው ዕቃ ላይ ፈልጉ እንደማለት ነው። ከአፍሪካ ጭምብል ጋር ማስቀመጡም እንደዚያው፤ «እኛ ከሌላው አፍሪካ የተለየን ነን» ለሚለው አሮጌ ኩራት መልስ ነው። ያለ መፈክር፣ በዝግታ የተሰጠ መልስ።

በስደት የታተመ

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እነሱ አገራቸው ላይ ነበሩ፤ ከአገሩ የወጣ ሰውስ ምን ያትማል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ከአገራቸው የተሰደዱ አርቲስቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎረቤት ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ከተማ፣ ሜዱ የሚባል የጥበብ ቡድን አቋቋሙ። በሲልክ ስክሪን ፖስተር እያተሙ በድብቅ ድንበር ያሻግሩ ነበር። አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅና ቀለም ይበቃል። ሰኔ 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሌሊት ድንበር ተሻግሮ ጋቦሮኔን ወረረ፤ 12 ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የሜዱ ሠዓሊ ታሚ ምኒዬሌ ነበር። ሜዱም በዚያው ተበተነ። ፖስተሮቹ ግን ቀሩ፤ ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ። ይሄን ስነግራችሁ ለጀግንነት እንድትቸኩሉ አይደለም። ስደተኛ ያተመው ወረቀት የአንድን ትልቅ መንግሥት እንቅልፍ ሊነሣ እንደሚችል እንድታውቁ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለብዙዎቻችን ይቀርባል። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ ምሁር፣ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው። በ1977፣ ቀይ ሽብር ሲበረታ፣ ቤተሰቡ አገር ለቆ ወጣ፤ ልጅቷ ያደገችው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስማቸው ከሚጠራ ሠዓሊዎች አንዷ ናት። በትልልቅ ሸራዎቿ ብትታወቅም በመዳብ ሰሌዳ ኅትመትም ብዙ ሠርታለች።

የመዳብ ኅትመት ከእንጨቱ ይለያል። ሰሌዳው አሲድ በማያሳልፍ ቅባት ይሸፈናል። ሠዓሊው በመርፌ ይጭረዋል። አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረውን ቦታ ብቻ አሲዱ ይበላዋል። ከዚያ ቀለም በተበላው መስመር ውስጥ ይገባል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ማሽን ይጫናል። እንግዲህ መስመሩ የሚፈጠረው በቁስል ነው። ብረቱ ካልተጎዳ ምንም አይታተምም።

በ2016 ጁሊ ኮፐንሃገን ከሚገኘው የኒልስ ቦርክ ዬንሰን ማተሚያ ጋር «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የሚባል ሥራ አተመች። ስድስት ትልልቅ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ ሥዕል ይሆናሉ። ከሥር የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ አለ፤ ግን ጭጋግ እንደሸፈነው ደብዝዟል። ከላይ የእጇ ጭረቶች እንደ ጭስ፣ እንደሚበታተን ሕዝብ ይተራመሳሉ። ሥራው ሲወጣ የሶርያ ጦርነት አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ኤፒግራፍ ማለት በሕንፃ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ነው። ገዢ ስሙን በድንጋይ ላይ ይቀርጻል፤ እሷ የፈራረሰችውን ከተማ በመዳብ ላይ ቀረጸች።

ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ «ሞጋማ» የሚሉ አራት ትልልቅ ሥዕሎች ሠርታለች፤ እነዚህ እንኳ ኅትመት አይደሉም። ሞጋማ ካይሮ ውስጥ ታሕሪር አደባባይ ላይ ያለው ግዙፍ የመንግሥት ሕንፃ ነው፤ ግብፃውያን ለፓስፖርት፣ ለፈቃድ፣ ለማኅተም የሚሰለፉበት ቦታ ነበር። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ከታሕሪር ንድፍ ጋር የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይም ንድፍ አለ፤ ያው ቀድሞ አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው። በልጅነቷ ጥላው የወጣችው ከተማ አደባባይ ሕዝብ ሥልጣንን ከሚጠይቅባቸው አደባባዮች ጋር ተደራርቦ ታየ።

የጁሊን አሠራር ሳይ የጅቡቲ ቴምብር ይታወሰኛል። በቴምብሩ ላይ አዲሱ መንግሥት የድሮውን ስም ሰርዞ የራሱን አተመ፤ ያም የሚያኮራ ቀን ነበር። ጁሊ ደግሞ ከሥር ያለውን አትሰርዝም። ሁሉንም ንብርብር ትተዋለች፦ የገዢውን ሕንፃ፣ የፈረሰውን፣ በላዩ የሮጠውን ሰው። «ማንነትህ የቱ ነው?» ለሚል ቢሮ እንዲህ ያለ ሥዕል ምቹ አይደለም፤ አንድ ሳጥን ውስጥ አይገባም። እኛስ እንገባለን እንዴ? እዚህ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ሳይሰማ የሚውል ልጅ የለም።

በነጠላ ጫማ ሶል ላይ

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ወረቀቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ተመታለት። እኔ ግን ለጥያቄዋ መልስ ስላልሰጠኋት፣ አንድ ማታ ከክፍሉ ጋር ሞከርነው። ያለቀ ነጠላ ጫማ ሰበሰብን። ሶሉን ቆርጠን ጠፍጣፋውን ገጽ በምላጭ ቀረጽን። የጫማ ቀለም ቀባን፣ ወረቀት ጣልን፣ በማንኪያ ጀርባ አሸነው።

እሷ ስሟን ቀረጸች። ስታትመው ፊደሎቹ በሙሉ ተገልብጠው ወጡ። ሰሌዳው ላይ ቀኝ የሆነው ወረቀቱ ላይ ግራ ይሆናል፤ ይሄን አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ተናደደች። ከዚያ ሌላ ሶል ወሰደችና ፊደሎቹን ገልብጣ እንደገና ቀረጸች። «በ» እና «መ» ብዙም አላስቸገሯትም፤ «ደ» እና «ገ» አስጨነቋት። በመጨረሻ ስሟ ቀጥ ብሎ ወጣ። አሥራ ሁለት ጊዜ አተመችና ለክፍሉ አደለች።

ያ ሶል ቢሮ ውስጥ አይሠራም፤ እሷም ታውቃለች። መልሱ ግን እሱ ይመስለኛል። ክቡ ነገር ከሰው አይበልጥም። አንድ ሰው ቀርጾታል፤ የተቀረጸ ነገር ደግሞ ሌላም ሰው ሊቀርጸው ይችላል። ስለ ስደተኛ ብዙ ይታተማል፦ ሪፖርት፣ ፎቶግራፍ፣ ካርድ። አብዛኛው ሌላ ሰው የቀረጸው ነው። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላል የአገራችን ሰው። የነበርነው እኛ ነን።

ለክፍል ውይይትና ለሥራ

1. በኪሳችሁ ወይም በቤታችሁ ያለ አንድ ቴምብር፣ ብር ወይም ፍራንክ አውጡ። ማን ታትሞበታል? ማን ቀርቷል?

2. በሰፈራችሁ ስሙ የተቀየረ ቦታ አለ? የድሮውን ስም የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁና ሁለቱን ስሞች ጽፋችሁ ኑ።

3. ንጉሡን ከብር ላይ አንሥቶ ቡና ለቃሚውን ማተም በቂ ለውጥ ነው? በሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

4. በሶል ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ «አገር» ስትሉ የሚታያችሁን አንድ ነገር ቅረጹ። ባንዲራና የመሪ ፊት አይፈቀድም። ትንንሽ ልጆች ምላጭ እንዳይነኩ፤ መምህሩ ይቁረጥላቸው።

አደራ፣ የቢሮ ማኅተም አስመስላችሁ ቀርጻችሁ ወረቀት ላይ እንዳትመቱ! እሱ ሌላ ጣጣ ነው። የራሳችሁን ቅረጹ። ያተማችሁትንም ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝላችኋለን።

ቸር ይግጠመን።